“መጨረሻዬን አሳምርልኝ” ማለት አለማመን አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ሰነበተ። ለእኔም ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሁለቱ “ግሩም ነው፣ አንብበው” አሉኝ። ሦስተኛዋ እህቴ ናት። እሷ ምንም አልጻፈችም፤ ዝም ብላ ላከችልኝ። ለምን እንደላከችልኝ የመጀመሪያውን አንቀጽ ሳነብ ገባኝ።

ጽሑፉ የሚነሣው ከአንዲት አሮጊት እናት ጸሎት ነው። እኚህ እናት በጸሎት ፕሮግራም ላይ ተነሥተው “ጌታ ሆይ፣ መጨረሻዬን አሳምርልኝ” ብለው ጸለዩ። ጸሐፊው ይህን ሰምተው አዘኑ። “ዕድሜ ልካቸውን በጌታ ቤት ኖረው እስከ ዛሬ ስለ መጨረሻቸው የሚለምኑ ሰው ወንጌል አልገባቸውም፤ ይህ የአለማመን ጸሎት ነው” ሲሉ ጻፉ። ከዚያ ተነሥተው፣ እስከ መጨረሻ ስለ መጽናት የሚሰበከውን ሁሉ አንድ በአንድ ነቀፉ።

የእኔ እናት ይህን ጸሎት በየቀኑ ትጸልይ ነበር። እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ፣ ምጣዱን አክንባሎ ደፍታበት ቀና ስትል “መጨረሻዬን አሳምርልኝ” ትላለች። ስለዚህ ጽሑፉን መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። በንዴት መጻፍ ስላልፈለግሁ ሁለት ሳምንት አቆየሁት። አሁን ረጋ ብዬ ልመልስ። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ክርስቶስን እንደሚወዱ ግን ከጽሑፋቸው ያስታውቃል። የምመልሰውም እንደ ወንድም ነው።

“መዳን የአንድ ቀን ጉዳይ ነው፤ ካለቀ አልቋል”

የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ነው። ጌታን በተቀበልክበት ቀን ሁሉ ነገር አልቋል፤ ከዚያ ወዲያ “ጽና” እያሉ መስበክ ጸጋን በሥራ መበረዝ ነው ይላሉ። ማስረጃቸው ኤፌሶን 2፥8 ነው፦ “ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና።”

ጥቅሱ ልክ ነው። እኔም ነፍሴን የጣልኩት እዚሁ ጥቅስ ላይ ነው። ግን ጳውሎስ ስለ መዳን የተናገረው ባለፈ ጊዜ ብቻ አይደለም። 1ኛ ቆሮንቶስ 1፥18 “የመስቀሉ ቃል ለሚጠፉት ሞኝነት፥ ለእኛ ለምንድን ግን የእግዚአብሔር ኃይል ነው” ይላል። ልጅ ሆኜ ይህን ሳነብ “ለምንድን” የምትለዋ ቃል ጥያቄ ትመስለኝ ነበር። “ለምንድን ነው?” የሚል ነገር። የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን ናት የፈታችልን። “በመዳን ላይ ላለነው ለእኛ” ማለት ነው አለችን። መዳኑ ተጀምሮ እየሄደ ነው ማለት ነው። ሮሜ 13፥11 ላይ ደግሞ መዳናችን ካመንንበት ጊዜ ይልቅ ዛሬ ወደ እኛ እንደቀረበ ይናገራል። የሚቀርብ ነገር ገና ያልደረሰ ነገር ነው። ስለዚህ ድነናል፣ እየዳንን ነው፣ እንድናለን። ሦስቱንም ያለው አንድ ሐዋርያ ነው። አንዱን አንሥቶ ሁለቱን መጣል አይቻልም።

ጸሐፊው እዚህ ላይ “የተሐድሶ አባቶች ያስተማሩን ይህንኑ ነው” ብለዋል። እዚህ ጋ ቆም ማለት አለብን፤ ምክንያቱም ብዙ ወጣቶች የሚያምኑት ይህችን ዓረፍተ ነገር ነው። ከእነዚህ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ አባቶች አንዱ ካልቪን ነው። የካልቪን ወገን የሚባሉት አብያተ ክርስቲያናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1618 እስከ 1619 ድረስ በሆላንድ ዶርት ከተማ ጉባኤ ተቀምጠው ስለዚሁ ጉዳይ ወስነዋል። ያሉት ግን “አንዴ ከጸለይክ አበቃ፣ ከዚያ በኋላ ግድ የለም” አይደለም። እግዚአብሔር የራሱን እስከ መጨረሻ ይጠብቃል አሉ። በምን ይጠብቃቸዋል? ወንጌሉን በመስማት፣ በማንበብ፣ በማሰላሰል፣ በምክሩ፣ በማስጠንቀቂያው፣ በተስፋው፣ በምሥጢራቱም (በጥምቀትና በጌታ እራት)። ማስጠንቀቂያውም የመጠበቂያው አካል ነው ማለት ነው። አማኝ በጽኑ ሊወድቅ እንደሚችልም ዳዊትንና ጴጥሮስን ጠቅሰው ተናግረዋል።

የዌስሊ ወገን (ሜቶዲስቶቹ) ደግሞ አማኝ ፈጽሞ ሊክድ ይችላል ብሎ ያምናል። ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችንም እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ በብዙ ነገር አይስማሙም። አማኝ እስከ መጨረሻ መጽናት አለበት በሚለው ግን አንዳቸውም አልተለዩም። “መጽናት የሚባል ነገር አያስፈልግም” የሚለው የማንም አባት ትምህርት አይደለም። እኔ በዚህ ክርክር የትኛው ወገን ትክክል እንደሆነ እዚህ ልወስን አልተነሣሁም። ጸሐፊው ግን አባቶቹ ያላሉትን በአባቶች ስም ማቅረባቸው ልክ አይመስለኝም።

“ማቴዎስ 24፥13 ለእኛ አልተጻፈም”

“እስከ መጨረሻ የሚጸና ግን እርሱ ይድናል።” ጸሐፊው ይህ ጥቅስ በታላቁ መከራ ዘመን ለሚኖሩ ሰዎች ብቻ ነው ይላሉ።

አጭር መልስ አለኝ። ጌታ ያንኑ ዓረፍተ ነገር፣ ቃል በቃል፣ ማቴዎስ 10፥22 ላይ ተናግሮታል። ያኔ ይናገር የነበረው ለአሥራ ሁለቱ ነው። በገሊላ ወዳሉት መንደሮች ሊልካቸው ነበር። ለእነርሱ የተባለ ከሆነ ለእኛም ተብሏል።

ሌላው ደግሞ፣ 24፥13ን ስንጠቅስ 24፥12ን ለምን እንዘላለን? “ከዓመፃም ብዛት የተነሣ የብዙ ሰዎች ፍቅር ትቀዘቅዛለች” ይላል። ከ“የሚጸና” በፊት በዚያች ቁጥር ላይ ያለው ሰይፍ አይደለም፤ ብርድ ነው። ፍቅር ሲቀዘቅዝ ደግሞ ድምፅ የለውም። ጠዋት ተነሥቶ ዛሬ ፍቅሬ ቀዘቀዘ የሚል ሰው አላየሁም። ኅብረት መቅረት ይጀምራል። ከዚያ መዝሙሩ ልማድ ይሆናል። ከዚያ አንድ ቀን ዞር ብሎ ሲያይ ርቆ ሄዷል።

“የወደቀ ሰው መጀመሪያውኑ አላመነም”

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ከጽሑፉ ሁሉ ያሳመመኝ ይህ ነውና።

ጸሐፊው 1ኛ ዮሐንስ 2፥19ን ይጠቅሳሉ፦ “ከእኛ ዘንድ ወጡ፥ ዳሩ ግን ከእኛ ወገን አልነበሩም።” ከዚያ ዴማስን ያነሣሉ። “ዴማስ ሄደ፤ የሄደው የእኛ ስላልነበረ ነው። የሄደውን ተከትሎ መሮጥ ጊዜ ማባከን ነው” ይላሉ።

መጀመሪያ ዮሐንስን እንስማ። ዮሐንስ የሚናገረው ኢየሱስ ክርስቶስ አይደለም ብለው ስለሚክዱ አሳቾች ነው። ቤት ተከራይቶ ሩቅ ሰፈር ስለገባና ኅብረት ስለተወ ወንድም አይደለም። ትዳሯ ስለፈረሰ አፍራ ስለቀረች እህትም አይደለም። ከመካከላችን ከልቡ ሳያምን የኖረ ሰው የለም አልልም። አለ። ግን ማን እንደሆነ አንተና እኔ የምናውቀው በምን ዓይናችን ነው?

አሁን ወደ ዴማስ ልመለስ። ይህ ሰው በሐዲስ ኪዳን ሦስት ጊዜ ተጠቅሷል። በፊልሞና መልእክት ጳውሎስ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ይቆጥረዋል። በቆላስይስ 4፥14 ከሉቃስ ጋር ሰላምታ ይልካል። በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥10 ግን “ዴማስ ይህን የአሁኑን ዓለም ወዶ ትቶኛልና” ይላል ጳውሎስ። ሞቱን የሚጠብቅ እስረኛ ነው የሚጽፈው። ከዚህ በላይ የሚያሳዝን ዓረፍተ ነገር በመልእክቶቹ ውስጥ አላውቅም።

አሁን ግን አንድ ቁጥር ወደ ታች እንውረድ። ቁጥር 11። “ማርቆስ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛልና ይዘኸው ከአንተ ጋር አምጣው።” ማርቆስ ማን ነው? ጴርጌን ሲደርሱ ጳውሎስንና ባርናባስን ትቶ ወደ ኢየሩሳሌም የተመለሰው ነው። ጥሏቸው የሄደው እሱ ነው። በሐዋርያት ሥራ 15 ላይ ጳውሎስ ይህን ሰው ዳግመኛ አልወስደውም ብሎ ከባርናባስ ጋር እስከ መለያየት ደረሰ። ያን ቀን አንድ ሰው ስለ ማርቆስ ጽሑፍ ቢጽፍ ኖሮ “የእኛ አልነበረም” ብሎ ይጨርስ ነበር። ባርናባስ ግን ይዞት ወደ ቆጵሮስ ሄደ። ዓመታት አለፉ። ያው ጳውሎስ በመጨረሻው መልእክቱ አምጣልኝ አለ።

አንድ ምዕራፍ ውስጥ፣ ጎን ለጎን፣ አብሮ ሲሠራ ኖሮ የሄደና ሄዶ የተመለሰ። ሁለቱንም መሐል መንገድ ላይ ብታያቸው የትኛው የትኛው እንደሆነ አታውቅም። ስለዚህ ነው ተከትለን የምንሮጠው። ጊዜ ማባከን አይደለም። ባርናባስ ጊዜውን አላባከነም።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ጥያቄ ቀድማ አይታዋለች። በ250 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የሮም ቄሣር ዴክዮስ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘ። የሠዋ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጠው ነበር። ከእነዚህ ወረቀቶች መካከል ዛሬም ድረስ የቆዩ አሉ፤ በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተገኝተዋል። በሰሜን አፍሪካ፣ ዛሬ ቱኒዝያ በምንላት አገር በነበረችው በካርቴጅ፣ ብዙ ክርስቲያኖች ሠዉ። አንዳንዶች ሳይሠዉ በገንዘብ ወረቀቱን ገዙ። ስደቱ ጋብ ሲል ግን እያለቀሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን በር መጡ።

ሮም ውስጥ ኖቫትያን የሚባል መሪ “እነዚህን ቤተ ክርስቲያን ልትቀበል አትችልም” አለ። የካርቴጁ ጳጳስ ቆጵርያኖስና አብረውት የነበሩት ግን በ251 ጉባኤ ተቀምጠው ሌላ መንገድ መረጡ። መውደቃቸውን ቀላል ነገር አላደረጉትም፤ ረጅም የንስሐ ጊዜ ሰጡ። በሩን ግን አልዘጉም። ቆጵርያኖስ ራሱ በ258 አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ። ለወደቁት በር የከፈተው ሰው፣ የእሱ ቀን ሲመጣ ጸና። ይህ ነገር ለእኔ ትልቅ ምስክርነት ነው።

“የፈተና ዘመን አልፏል”

ጸሐፊው “መጽናት በደርግ ጊዜ ነበር፤ ዛሬ ማን ነው የሚያሳድደን?” ይላሉ።

የዚያን ዘመን ሰዎች አክብረው ማንሣታቸው ደስ ብሎኛል። እኔም ላንሣ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተከፍቶላቸው ነበር። መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የማታ አገልግሎት ጨርሰው ሲወጡ ተወሰዱ፤ ተገደሉ። በዚያው ክረምት በእስር ላይ የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። የሁለቱም አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ ላይ የምናነሣቸው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። ብናነሣቸው ደስ ይለኛል።

ግን ስለ ቄስ ጉዲና ስናወራ የምንረሳው ሰው አለ። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ከእርሳቸው በኋላ ታስረው ወደ 10 ዓመት በእስር ቤት ቆይተዋል። ስለዚያች ሌሊት ብዙ እንሰብካለን። ስለ እነዚያ 10 ዓመታት ግን ብዙም አንሰብክም። መጽናት ሲባል ለእኔ መጀመሪያ የሚታየኝ ያ 10 ዓመት ነው። ዛሬም ነገም ያው ግድግዳ፣ ልጆች ውጭ፣ ባል የት እንዳለ ሳይታወቅ።

መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንንም እንውሰድ። በ1974 ስትዘጋና መሪዎቿ ሲታሰሩ አባላቷ ወደ 5,000 ገደማ ነበሩ። ከደርግ በኋላ ዳግም ስትከፈት ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። ይህ የሆነው በስታዲየም ጉባኤ አይደለም። በየሳሎኑ፣ ድምፅ ዝቅ አድርገው፣ አምስት ስድስት ሆነው ተሰብስበው ነው። አንዱ ሲቀር የቀረው ይታወቃል። ማታውኑ አንዲት እህት ነጠላዋን አጣፍታ “ምነው ቀረህ?” ብላ በሩን ታንኳኳለች። ዛሬ አዳራሹ ሰፊ ነው። ስድስት ወር ብትቀር የሚያውቅልህ ላይኖር ይችላል።

“ዛሬ ማን ያሳድደናል?” ለሚለው ደግሞ፣ በሚያዝያ 2007 ሊቢያ ውስጥ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በአይሲስ እጅ መገደላቸውን ረስተነዋል? እንጀራ ፍለጋ የወጡ ልጆች ነበሩ። በአረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችንስ? ስንቷ ናት መጽሐፍ ቅዱሷን በስልኳ ውስጥ ደብቃ፣ ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ ኩሽና ውስጥ ቆማ የምትጸልየው?

ስደት በሌለበትም ቢሆን ፈተና አለ። ያ ካርቴጅ ያልኩት ከተማ ከዴክዮስ በፊት ረጅም የሰላም ዘመን ነበረው። ቆጵርያኖስ ለምን ያን ያህል ሰው እንደወደቀ ሲያስብ ምክንያቱን ያገኘው በሰላሙ ዘመን ነው። ሰዉ ሀብት ማካበት ላይ ነበር፤ ጳጳሳቱም ንግድ ላይ። እምነቱ ሳይታወቅ ተኝቶ ነበር። ቄሣሩ ያንን አወጣው እንጂ እሱ አልጀመረውም።

“መጽናትን መስበክ ሰውን ማስፈራራት ነው”

እዚህ ላይ ለጸሐፊው ግማሹን እሰጣቸዋለሁ። የሚያስፈራሩ ሰባኪዎች አሉ። “ዛሬ ዋሽተህ ማታ ብትሞት አለቀልህ” እየተባለ ያደግን ብዙ ነን። ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ያንን ዓይነት ስብከት ጸሐፊው ቢቃወሙ አብሬያቸው እቆማለሁ።

ግን ማስጠንቀቅና ማስፈራራት ይለያያሉ። ጌታ “ከእጄም ማንም አይነጥቃቸውም” ብሏል፤ ዮሐንስ 10፥28። በዚያው አፉ “በእኔ ኑሩ” ብሏል። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ 1፥6 መልካሙን ሥራ የጀመረው እርሱ እንደሚፈጽመው እርግጠኛ ነው። በ2፥12 ደግሞ በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ መዳናችሁን ፈጽሙ ይላል፤ ወዲያው በቁጥር 13 የሚሠራው እግዚአብሔር ስለሆነ ነው ይላል። ጸሐፊው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ያለብን ይመስላቸዋል። ጳውሎስ አልመረጠም።

እናት ልጇን መንገድ ስታሻግር እጁን አጥብቃ ትይዛለች፤ ይዛውም “መኪና እይ” ትለዋለች። ልጁ ያንን ሰምቶ እናቴ ልትለቀኝ ነው ብሎ አይደነግጥም።

“ሽማግሌዎች ሩጫቸውን ጨርሰዋል”

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር ልመለስ። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ እርጅና የዕረፍት ጊዜ ነው፤ የወጣትነት ፈተና አልፏል፤ ያረጀ አማኝ መጨረሻዬ እያለ ሊጨነቅ አይገባውም።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን አይልም። ሰሎሞን ልቡ የዘነበለው በጉብዝናው ሳይሆን ሲሸመግል ነው፤ 1ኛ ነገሥት 11፥4። የይሁዳ ንጉሥ አሳ 35 ዓመት በእግዚአብሔር ታምኖ ኖረ። በ36ኛው ዓመት በሶርያ ንጉሥ ታመነ፤ ነቢይ ሲገሥጸው አሰረው። በ39ኛው እግሩን ታመመ፤ ያኔም እግዚአብሔርን አልፈለገም። 35 ዓመት! ኢዮአስ ደግሞ ካህኑ ዮዳሄ በሕይወት እስካለ ድረስ ቅን ነበረ። ሽማግሌው ሲሞት እሱም ተወ።

ጸናሁ ያለውም ቢሆን የጸናው በልመና ነው። መዝሙር 71ን (በግዕዙ ቁጥር 70 ነው) ያንብቡት። “በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፥ ጕልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ።” ወንድሜ ሆይ፣ ይህ ከ“መጨረሻዬን አሳምርልኝ” በምን ይለያል? ያችን እናት የአለማመን ጸሎት ጸለዩ ካሏቸው መዝሙረኛውንም ሊነቅፉት ነው።

የሰምርኔሱ ጳጳስ ፖሊካርፐስ ክርስቶስን ስደብ ሲባል “86 ዓመት አገለገልሁት፤ አንድም ክፉ አላደረገብኝም፤ ያዳነኝን ንጉሤን እንዴት እሰድባለሁ?” አለ። ለእሳት ተሰጠ፤ በስለትም ተወግቶ ሞተ። የራእይ 2፥10 ቃል፣ “እስከ ሞት ድረስ የታመንህ ሁን” የሚለው፣ የተጻፈው ለዚያችው ለሰምርኔስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ያን ደብዳቤ ሲያነቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። 86 ዓመት ያገለገለ ሽማግሌም ያ ቃል ያስፈልገው ነበር።

ስለ እናቴ ልንገራችሁ። ጠንካራ አማኝ ነበረች። ዕድሜዋ በ70ዎቹ ውስጥ ሳለ ጉልበቷ ታመመ። ከዚያ አባቴ ሞተ። ዓመት ሳይሞላ ታናሽ ወንድሜ ሞተ። ከዚያ በኋላ እናቴ መጸለይ አቆመች። ተቆጥታ ነው። “ተዉኝ፤ የለመንኩትን አልሰማኝም” አለች። መጽሐፍ ቅዱሷን ትራስጌዋ ካለው ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ስንጸልይ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አራት ወር እንዲህ ሆነ።

ያገለገለችበት ቤተ ክርስቲያን በዚያ አራት ወር አንድ ቀን ሰው ላከ። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። ይህን ለመክሰስ ብዬ አልጻፍኩትም። አዳራሹ ሰፊ ነው ያልኩት ይህን ነው። ጸሐፊው ቤታችን መጥተው ቢያዩዋት ኖሮ ምን ይሉ ነበር? “መጀመሪያውኑ አላመነችም” ነው?

አንድ ሰው ብቻ አልቀረም። የጥንት የጸሎት ጓደኛዋ። በደርግ ጊዜ በአንድ ሳሎን አብረው የጸለዩ ናቸው። እኚህ እናት ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ። ዱላቸውን ይዘው፣ ከታክሲ ወርደው ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው። ቡና ይፈላል። አይሰብኩም፣ አይገሥጹም። ቡናው ሲያልቅ ከእናቴ አልጋ ጫፍ ይቀመጡና ቀስ ብለው ይጸልያሉ። ሲጨርሱ “አንቺ ባትይም እኔ ብዬልሻለሁ” ይሏታል። ይሄዳሉ።

አንድ ሐሙስ እኔም ነበርኩ። ጸልየው ሲጨርሱ እናቴ ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ “አሜን” አለች። ይህችው ናት። ከዚያ በኋላ ወደ ድሮዋ በአንድ ቀን አልተመለሰችም። መጽሐፍ ቅዱሷ ከሳጥኑ የወጣው ገና ከወራት በኋላ ነው። “መጨረሻዬን አሳምርልኝ” የሚለው ጸሎቷ ወደ አፏ የተመለሰው ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው። ግን ተመለሰ። በዚያ ጸሎት ላይ እያለች ነው ያረፈችው።

ለቅሶ ቤት ስንገባ ምን እንላለን? “ጽኑ” ብለን አንሄድም። “እግዜር ያጽናችሁ” ነው የምንለው። ያጽናችሁ። የሚያጸናው እርሱ ነው። ያች እናት “መጨረሻዬን አሳምርልኝ” ሲሉ ለመጨረሻቸው የታመኑት በራሳቸው ጉልበት አይደለም። ጸሐፊው የሚፈልጉት እርግጠኝነት በዚያ ጸሎት ውስጥ አለ። “እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ” ያለውን ጌታ ነው የሚለምኑት። ጴጥሮስን ያቆመው ያ ምልጃ ነው። ከዚያ በኋላ “ወንድሞችህን አጽና” ተባለ። እናቴን ያጸናት ጌታ ነው። የላከላትም ሰው በሐሙስ ሐሙስ ዳገት ይወጣ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ወደ አሜሪካ ልጅ ለመያዝ የሄዱ እናቶች አሉ። ልጆቻቸው ሥራ ላይ ናቸው። መኪና መንዳት አይችሉም፤ ቋንቋው የለም። እሑድ እሑድም ቢሆን የሚያደርሳቸው ካላገኙ ቤት ይቀራሉ። የልጅ ልጅ አቅፈው፣ ስልክ ላይ መዝሙር ከፍተው፣ ብቻቸውን። እነዚህ ሰዎች ሩጫቸውን አልጨረሱም። ስልክ የሚደውልላቸው ይፈልጋሉ።

እኚያ የእናቴ ጓደኛ አሁንም በሕይወት አሉ። ዳገቱን መውጣት አይችሉም፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ባለፈው ወር ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። ስንጨርስ “እስቲ አንተ ጸልይ” አሉኝ። ጸለይኩ። ምን እንድልላቸው እንደሚፈልጉ ስለማውቅ እሱኑ አልኩ። ዝም ብለው ቆዩና “እናትህ ሳለች እኔ እሄድላት ነበር። ለእኔ ማን እንደሚመጣልኝ እንጃ” አሉ።

“ሐሙስ ሐሙስ እመጣለሁ፣ እማማ” አልኳቸው።